የቅሬያችን ሶሌታ

አንድ ቀን፣ ቀኑም እሑድ ነው፣ የመርሳ ቅሬያችን በአራት ጣትና በአንድ ስንዝር መካከል ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ቅሬ የምለው ቀባሪ ማኅበራችንን ነው፤ አዲስ አበቤው እድር ይለዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነን። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የቀረው ቀሪውን ያስተዛዝናል። የእኛን ቅሬ የሚያህል በአገሩ የለም። ይህን የምለው አባል ስለሆንኩ አይደለም፤ አባል ባልሆንም እለው ነበር።

የዚያን ዓመት አዳራሽ ልንሠራ ተነሣን። ለቅሶ በድንኳን ተቀምጦ በነፋስ መመታት ሰለቸን። አዳራሹ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ታች ለቅሶ የሚቀመጥበት፣ ላይ ስብሰባና የዕቃ ክፍል። በመካከላቸው ሶሌታ ይፈሳል። ሶሌታ ማለት ያ በአርማታ የሚሠራው ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ታች ላለው ሰው ጣሪያ፣ ላይ ላለው ሰው ወለል። ያን ሶሌታ የሚሸከሙት ዘጠኝ ምሶሶዎች ናቸው። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሶሌታው ምን ያህል ይወፍር?

የቅሬያችን ዳኛ አቶ አምባው ነበሩ። አቶ አምባው የማያውቁት ነገር የለም። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ለሐኪሙ መድኃኒት ያዙለታል። አውቶቡስ ከተሳፈሩ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጡና ማርሽ ያስቀይሩታል። ሠርግ ላይ ሙሽራውን እንዴት እንደሚቀመጥ ሲያስተምሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ አግብተው ሁለቱም ጥለዋቸው ሄደዋል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሌባ አይደሉም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ቆንቋና ግን ናቸው። የቅሬውን ሲሚንቶ እንደ ስኳር ነበር የሚሰፍሩት። ከተቆነቆነው ሲሚንቶም ለግቢው በር አንድ ቅስት ሊያሠሩ አስበዋል፤ በቅስቱ ላይ የዳኛው ስም ሊጻፍበት። ስማቸውን ለማስጠራት መሆኑን አላሉም፤ ለቅሬው ክብር ነው ነው ያሉት።

ሥራውን የያዘው ፎርማን እንድሪስ ነው። የእኛው ልጅ ነው፤ የዘሀራ ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ፎቅ ሲሠራ ኖሮ፣ የእናቱ ዓይን ሲደክም ሁሉን ጥሎ መጣ። እንድሪስ ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን ሌላ ቦታ መሆን ይሻላል።

መጀመሪያ የተጣሉት በመሠረቱ ነው። አቶ አምባው ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ ደሴ ሄደው አምስት ቀን ቆዩ። እንድሪስ በዚህ መሐል በየምሶሶው ሥር የሚገባውን አርማታ፣ ከወልዲያ የመጣችው መሐንዲስ በወረቀት እንዳሰመረችው፣ አፍስሶ ጨረሰ። አቶ አምባው ከሠርጉ ሲመለሱ ገና የሠርግ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። ከዘራቸውን በአርማታው ጎን አስገብተው ውፍረቱን ለኩ። የከዘራው እጀታ ብቻ ሲቀር ፊታቸው ጠቆረ።

ይህን ሁሉ አርማታ መሬት በላው ወይ ብለው ጠየቁ። ምሶሶው ክንድ ለማይሞላ ነገር፣ ከሥሩ ይህን የሚያህል ወፍራም ነገር ማስቀመጥ ምን ይባላል? ቀጭን ሰው ወፍራም ጫማ ቢያደርግ ያምርበታል? እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ተናገሩ። እንድሪስ በትዕግሥት አስረዳቸው። ምሶሶ ጭነቱን ሁሉ ሰብስቦ በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ነው የሚያወርደው፤ ከሥር ደግሞ መሬቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በመካከል ያለው አርማታ ከሳሳ ምሶሶው እንደ ወስፌ ይበሳዋል፤ አለ።

አቶ አምባው ሳቁ። «ወስፌ ሹል ነው፤ ምሶሶ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ይህን እንኳ አታውቅም?»

«የዝሆንም እግር ጠፍጣፋ ነው ጋሽ አምባው፤ ግን ቆርቆሮ ላይ አያቁሙት።»

አጠገባቸው የነበሩት ግንበኞች አቀረቀሩ። ሰው ሳቁን ሲውጥ ትከሻው ይናገርበታል። አቶ አምባውም ያን ትከሻ አዩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ የአርማታ መሆኑ ቀረ።

መሠረቱ ፈስሶ ደርቋል፤ ከመሬት አይወጣም። ስለዚህ ዳኛው ቂማቸውን ወደ ሶሌታው አዞሩት። መሐንዲሷ ሶሌታው አንድ ስንዝር ይሁን ብላለች። ከዚያም በላይ፣ በየምሶሶው አናት ላይ ሶሌታው ወደ ታች ወፍሮ እንደ ባርኔጣ ይሁን ብላለች። አቶ አምባው አራት ጣት ይበቃል አሉ። ባርኔጣውንም ሰረዙት፤ ባርኔጣ ለሰው ነው፣ ምሶሶ ፀሐይ አይመታውም ብለው። እኔ ይህቺን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ቀልድ የሚችሉ ሰው ናቸው፣ ሐሰት አልናገርም። መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም። አራት ጣት ከሆነ ስሜን ከወረቀቱ አጥፉልኝ ብላ በመጣችበት ሚኒባስ ተመለሰች።

እንድሪስ ብቻውን ቀረ። ሄዶ ለመናቸው፤ እቤታቸው ድረስ ሄዶ። እኔ ለሌላ ጉዳይ እዚያ ነበርኩና ሰምቻለሁ። አቶ አምባው በነገሩ አስበውበታል፤ ፌሮውን ጨምር፣ ውፍረቱን ቀንስ አሉት። አርማታ የሚይዘው ብረት አይደል እንዴ? ብረት ካለ ድንጋይ ምን ያደርጋል?

እንድሪስ፣ ብረቱ የሚያግዘው ሶሌታው እንዳይጎብጥ ነው አላቸው። መጉበጥ ሌላ ነው፣ መበሳት ሌላ ነው። የሚጎብጥ ሶሌታ ጨዋ ነው፤ አስቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ይንቋቋል፣ ልወድቅ ነው ውጡ ብሎ ይለምናል። ሰው ጫማውን አጥልቆ ለመውጣት ጊዜ አለው። በምሶሶ የሚበሳው ግን አይናገርም። ትናንት ደኅና ነበር፣ ዛሬ ጠዋትም ደኅና ነበር፤ ከዚያ ምሶሶው አናቱን ብቅ ያደርጋል፣ ሶሌታው በሙሉ በአንገቱ ዙሪያ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ይህን የሚከለክለው ውፍረት ነው። ምሶሶው ለመብሳት ረጅም መንገድ መሄድ አለበት፤ መንገዱን ማስረዘም ነው ሥራችን፤ አላቸው።

ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው። እኔ እንኳ ገብቶኛል። የአቶ አምባው ችግር አለመግባቱ አይደለም፤ የገባቸው ከእንድሪስ አፍ መሆኑ ነው። እሺ ቢሉ በወስፌውና በዝሆኑ ሁለት ጊዜ መሸነፋቸው ነው። ስለዚህ «በጉባኤ ይታያል» አሉት። ዳኛ እውነት ሲያጣ ጉባኤ ይጠራል።

ጉባኤው የተጠራው ያን እሑድ ነው። የአዳራሹ ምሶሶዎች ቆመዋል፤ በላያቸው ሶሌታው የሚፈስበት ሳንቃ ተነጥፏል፣ ፌሮው ታስሯል፤ አርማታው ብቻ ነው የቀረው፤ ማክሰኞ ይፈሳል። እኛ ከፊት ለፊቱ ብርቱካን ዛፎች ሥር ተቀምጠናል። እንድሪስም ሰዎቹን ይዞ ዳር ቆሟል። የመጣበትን ነገር ሁሉም ያውቃል። ጉባኤው አራት ጣት ካለ፣ ወይ አራት ጣት ያፈሳል፣ ወይ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ቢወጣ ከደሴ ሌላ ፎርማን ይመጣና ያፈሳል። አፍስሶ ወደ ደሴው ይሄዳል፤ ከሥሩ ለቅሶ የሚቀመጠው እኛ ነን። ከሁላችንም ፊት የምትቀመጠው ደግሞ ዘሀራ ናት፤ ዓይኗ ስለደከመ መካከለኛውን ምሶሶ ተደግፋ እንድትቀመጥ ቦታው ከወዲሁ ተሰጥቷታል። እንድሪስ ይህን ያውቃል። ጢሙን ሲነጭ ነበር የዋለው።

አቶ አምባው ግን ተዘጋጅተው መጥተዋል። ለካ በጓሯቸው በድብቅ ናሙና አሠርተው ኖሯል። አንድ የበር መዝጊያ የሚያህል፣ አራት ጣት ውፍረት ያለው፣ በውስጡ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ፌሮ የተደረደረበት ሶሌታ። ወር ሙሉ እርጥብ ጆንያ እያለበሱ ውኃ ሲያጠጡት ከርመዋል። ሚስቶቻቸውን እንዲህ ቢንከባከቡ ኖሮ ዛሬ ብቻቸውን አይበሉም ነበር።

ስድስት ጎረምሶች ተሸክመው አመጡትና በአራት ማዕዘኑ አራት ድንጋይ አስገብተው አስቀመጡት። አቶ አምባው በሕዝቡ መካከል ተዘዋወሩና ስምንት ሰው መረጡ። ከስምንቱ አንዷ እኔ ነኝ። ክብደቴ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ሲመርጡኝ ግን ከእግሬ እስከ ራሴ እንዴት አድርገው እንዳዩኝ እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።

ወጣን። ስምንታችንም ተጠጋግተን ቆምን። ሶሌታው ንቅንቅ አላለም። ዝለሉ አሉን፤ አንዳንዱ ዘለለ፤ እኔ አልዘለልኩም፤ እኔን ማንም አያዘልለኝም። እንደዚያም ሆኖ ስንጥቅ እንኳ አልታየም። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወርዳችሁ አትበታተኑብኝ፣ ሕዝቡ አይቶ ይጥገብ ብለው እዚያው እንድንቆይ አዘዙን። እንደ ዕቃ ቆምን።

«ይኸው» አሉ አቶ አምባው ወደ እንድሪስ ዞረው። «አራት ጣት ስምንት ሰው ተሸከመ። አሁን መልስ ካለህ ያለ ወረቀት በሰው ቋንቋ ተናገር። ከሌለህ ማክሰኞ ታፈሳለህ፤ አላፈስም ካልክም መዶሻህን ሰብስብ።»

እንድሪስ ሞከረ። ድንጋዮቹ ያሉት ጥግ ለጥግ ነው፤ ሰዎቹም በላዩ ተበትነው ነው የቆሙት፤ ደግሞም ስምንት ሰው ነው። አዳራሹ ሲሞላ፣ ላይ ዕቃው፣ ራሱ ሶሌታው፣ ያ ሁሉ ክብደት ዘጠኝ ምሶሶ አናት ላይ ነው የሚሰበሰበው፤ መካከለኛው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ አለ። ትክክል ነው የተናገረው። ግን ሰው በዓይኑ ያየውን በጆሮው አይለውጥም። ከኋላ አንዱ «ቻለ አይደል እንዴ» አለ። ሌላው «እትዬን ከተሸከመ ምን ቀረው» አለ። ማን እንደሆነ ድምፁን ለይቼዋለሁ፤ ልጁን ሲድር ያልሄድኩት ለዚህ ነው።

አቶ አምባው ነገሩ ሳይቀዘቅዝ ድምፅ ይሰጥ አሉ። «አራት ጣት የምትሉ እጅ አውጡ።»

እጅ ወጣ። እንደ በቆሎ ማሳ ነው የቆመው። ዘሀራ የሚሆነውን ማየት አትችልም፤ በጫጫታውም የተባለውን አልለየችምና፣ ልጇን የሚደግፍ ማን ነው የተባለ መስሏት፣ ከሁሉ ቀድማ እጇን አውጥታ ነበር። እንድሪስ እናቱን አየ። ከናሙናው ላይ ሆኜ እጇን ላስወርዳት አልችልም፤ አፌን ልከፍት ስል እሱ ራሱ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ።

ጉባኤው ሁሉ ዞሮ አየው። አቶ አምባው ብቻ ፊታቸው በራ።

«አያችሁ? ራሱም ገባው» አሉ።

«ገብቶኛል ጋሽ አምባው» አለ እንድሪስ። እጁን አላወረደም። «ድምፄን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ማክሰኞ አራት ጣት አፈሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።»

አሸናፊ ሰው ቸር ነው። ይጻፍለት ብለው ጸሐፊውን በከዘራ ጠቆሙት።

«እስከ ማክሰኞ ሁላችንም፣ እርስዎም ጭምር፣ ማዶ ሰፈር ቅሬ እንመዝገብ።»

ማዶ ሰፈር ከወንዙ ወዲያ ነው። ከማዶ ሰፈር ቅሬ ጋር እንዴት እንደምንተያይ መርሳ ያልኖረ ሰው አይገባውም። እነሱ ሬሳ ይዘው ሲያልፉ እኛ ተነሥተን እንቆማለን፣ ለሬሳው ነው እንጂ ለእነሱ አይደለም። የእነሱ ጥሩምባ ድምፁ የታነቀ ፍየል ነው። ድንኳናቸው ዝናብ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ የሚበረታበት ነው። አቶ አምባው ከእነሱ ዳኛ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሰላም አይባባሉም።

ስለዚህ ጉባኤው አጉረመረመ። አቶ አምባው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ምን ሲደረግ ማዶ ሰፈር? እኛ ቅሬ የለንም?»

«አለን እንጂ» አለ እንድሪስ። «የኛ ቅሬ አንዱ ሲሞት የቀረው ይቀብረዋል። ያ ሶሌታ የተበሳ ቀን ግን የሚቀር ሰው የለም፤ ሁላችንም ሥሩ ለቅሶ ተቀምጠናል። ጥሩምባ ነፊውም ሥሩ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹም ሥሩ ናቸው። ድንኳኑም ላይኛው ክፍል ነበር፣ አብሮን ወርዷል። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩን፤ ማን ይቅበረን?»

ማንም አልሳቀም፤ መጀመሪያ። ሰው ቀና ብሎ በብርቱካን ዛፎቹ መካከል ያን የታሰረ ፌሮ አየው። ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠውን አየ፤ ከዚያ ጥሩምባ ነፊውን አየ። ጥሩምባ ነፊውም ጥሩምባውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ አቀፈው። ያኔ ነው ሳቁ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ እንደ ጎርፍ የወረደው። በሳቁ ውስጥ እጆቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ይታየኛል። የዘሀራን እጅ ጎረቤቷ አወረደችላት። እኛም ስምንታችን ማንም ሳያዘን፣ አንዱ የአንዱን ክንድ እየያዘ፣ ከናሙናው ላይ ቀስ ብለን ወረድን። እኔ ሦስተኛ ነበርኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወንዶች ናቸው።

አቶ አምባው ቆመው ቀሩ። ሰው ሞትን የፈሩ መስሎት ይሆናል፤ እኔ ግን ፊታቸውን በቅርብ አይቼዋለሁ። ሞቱ አይደለም ያስደነገጣቸው። በዓይነ ኅሊናቸው የማዶ ሰፈር ዳኛ ካፖርቱን ለብሶ፣ ያን የታነቀ ፍየል እያስነፋ፣ የእሳቸውን ሬሳ ከፊት ሆኖ ሲመራ ነው የታያቸው። ያውም ቀብራቸው ላይ ሥርዓት ሲያስተምራቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ሰርዝ» አሉት። «ሶሌታው ስንዝር ይሁን ብለህ ጻፍ። ባርኔጣውም ይደረግለት።»

ጸሐፊው ጻፈ። እንድሪስም አመስግኖ ወደ ሰዎቹ ሊሄድ ሲል ከኋላው ጠሩት። እንደገና ሊከራከሩ ነው ብለን ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። አቶ አምባው ወደ ወንዙ ማዶ አንድ ጊዜ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ስማ እንድሪስ፤ ስንዝሩ ላይ አንድ ጣት ጨምርበት» አሉት።